የኡፋይሴ ልጅ

ዓምደሚካኤል ገብረአማኑኤል ስኳር እንዳለበት የተነገረው አዳማ ውስጥ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛ ዓመቱ ነው። ዜናው ብዙም አላስደነገጠውም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የውሃ ቁፋሮ መካኒክ ሆኖ ከጎዴ እስከ መተማ፣ ከአሳይታ እስከ ሞያሌ የተንከራተተ ሰው ነው፤ ከወባም፣ ከእባብም፣ ከመኪና መገልበጥም ተርፏል። ያላሰበው የሐኪሟን ጥያቄ ነበር።

«በአባትዎ ወገን ስኳር ያለበት ሰው ነበር?» አለችው ወጣቷ ሐኪም።

«አክስቴ ነበረባቸው።»

«በእናትዎ ወገንስ?»

«አላውቅም።»

«ደም ግፊትስ? የኩላሊት ሕመም?»

«የእናቴን ዘመዶች አላውቃቸውም የኔ ልጅ።»

ሐኪሟ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጽፋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። «አይታወቅም» ብላ እንደጻፈች አልጠፋውም። መድኃኒቱን ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከበሽታው ይልቅ ያ ቃል ከነከነው።

ምሳ ላይ ነገሩን ለሚስቱ ለወይንሸት አጫወታት።

«ታዲያ ለምን አትሄድም?» አለችው። «ከተጋባን ሠላሳ አራት ዓመት ሆነን። ስለ አባትህ ቤት ሲወራ እስከ ሰባት ትውልድ ትቆጥርልኛለህ። ስለ እናትህ የነገርከኝ ግን ስሟንና የሞተችበትን ዓመት ብቻ ነው።»

«ሌላ የማውቀው ስለሌለኝ ነዋ።»

«እኮ፤ ሂድና እወቅ።»

የተወለደው ወላይታ ሶዶ ነው። የአባቱ አያት ከሸዋ ሠራዊት ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ አባቱ ገብረአማኑኤል ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። እናቱ አሳየሽ የአገሩ ልጅ፣ ወላይታ ነበረች። እሱ ስድስት ዓመት ሲሞላው በወሊድ ሞተች፤ የወለደችውም ሕፃን አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ያሳደጉት የአባቱ እህት እትዬ ፋና ናቸው። እትዬ ፋና ልጅ አልወለዱም። ያላቸውን ፍቅር ሁሉ፣ ያላቸውንም ቁጣ ሁሉ እሱ ላይ ጨረሱት።

የእናቱን ፊት አያስታውስም፤ ፎቶግራፍም የላትም። ከእሷ ይልቅ የሚያስታውሰው ወንድሟን ነው። በየገበያው ቀን አንድ ረዥም ቀጭን ወጣት ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ አንዳንዴም ሙዝ ተሸክሞ ይመጣና ከአጥሩ በር ስር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ልጁ ወደ እሱ ይሮጣል፤ ወጣቱ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በወላይትኛ ሲያወራው ይቆያል። ከዚያ አንድ ጊዜ መምጣቱን አቆመ። ዓምደሚካኤል ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጥቂት ገበያ ጠበቀ። ሲቀርበት ጊዜ «ረሱኝ» አለ፤ እሱም በተራው ረሳቸው። ቋንቋውም አብሮ ሄደ። በኋላ በሥራ ዓለም ጎዴ ላይ በሶማሊኛ ዋጋ የሚከራከር፣ አሳይታ ላይ በአፋርኛ የሚቀልድ ሰው ወጣው፤ በእናቱ ቋንቋ ግን ከሰላምታ የዘለለ አያውቅም።

ሶዶ የገባው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል አልፈው፣ ለበዓል የመጣው ሰው ሁሉ ወደየመጣበት ከተመለሰ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። መናኸሪያው በር ላይ የልጅነት ጓደኛው ያሬድ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ያሬድ አባቱም እናቱም ወላይታ ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በዓምደሚካኤል አባት ቀብር ላይ፣ የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ነበር።

«አንተ! ጸጉርህን ማን ወሰደው?» አለ ያሬድ አቅፎት ሳይለቀው።

«ያንተን ሆድ የሰጠህ ሰው።»

ባጃጁ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሲሄዱ ያሬድ ይህ የነማን ቤት ነበር፣ ያ ደግሞ የነማን፣ እያለ ጣቱን ይቀስራል፤ የሚያሳየው ሁሉ ፎቅ ነው። የአባቱ ቤት የነበረበት ቦታ ላይም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች ተኮልኩለዋል። ዓምደሚካኤል ከባጃጁ አልወረደም። ቀና ብሎ ሲያይ ዳሞታ ተራራ ብቻ ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ አለ፤ አናቱ ላይ ደመና ጥሏል።

ማግኘት ቀላል መስሏቸው ነበር። እትዬ ፋና በሕይወት ሳሉ የእናቱን ዘመዶች ባነሱ ቁጥር «እነዚያ የቦዲቲዎቹ» ነበር የሚሉት። እናም በማግስቱ በሚኒባስ ቦዲቲ ሄዱ። ያሬድ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው እየወሰደው ጠየቀለት። ከስልሳ ዓመት በፊት ሶዶ ለፍርድ ቤት ጸሐፊ የተዳረች አሳየሽ የምትባል ልጅ ነበረቻችሁ ወይ? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ያሬድን ወደ ጎን ጠርተው ነገር ነገሩት።

«ምን አሉህ?»

«በዚያ ዘመን በገጠሩ አሳየሽ የምትባል ልጅ አልነበረችም ነው የሚሉት። ስሙ የከተማ ነው። ሌላ ስም ሊኖራት ይገባል።»

ዓምደሚካኤል በሚኒባሱ መስኮት የቆሎ ከረጢት የያዙ ተማሪዎችን እያየ ተመለሰ። የእናቱን ስም ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለጡረታ፣ ለስንት ቅጽ ሞልቶታል። ስሟ አይደለም ይባላል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ወይዘሮ አገርነሽን ያስታወሰው ያሬድ ነው። በልጅነታቸው በእነ ዓምደሚካኤል ቤት ምግብ ይሠሩ የነበሩ፣ ሁለቱንም በማንኪያ እያባረሩ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ጋር በአረካ መውጫ ይኖራሉ። ሲደርሱ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ዓምደሚካኤል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ማነው?»

«ዓምደሚካኤል ነኝ እማማ። የጸሐፊው ልጅ።»

ጎመኑ ከእጃቸው ወደቀ። ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ዳበሱት፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። «አምዴ!» አሉ። «አንተ ሽማግሌ! ምነው እንዲህ አረጀህብኝ?»

ከብዙ ወሬ በኋላ የመጣበትን ነገራቸው። ወይዘሮ አገርነሽ ሣቅ አሉ።

«አሳየሽ ያሏት እኮ አክስትህ ናቸው። ክርስትና በተነሣች ቀን፣ 'ለቤታችን የሚሆን ስም ይኑራት' ብለው። እሷን ግን በጓዳ እኔ በስሟ ነበር የምጠራት። ኡፋይሴ ነው ስሟ።»

«ኡፋይሴ» አለ ዓምደሚካኤል። ቃሉ ለአፉ እንግዳ ነበር።

«ደስታ ማለት ነው» አለ ያሬድ ቀስ ብሎ።

«ቦዲቲ ናት ያልከኝስ?» ወይዘሮ አገርነሽ እንደገና ሣቁ። «ለእትዬ ፋና ወላይታ ሁሉ ቦዲቲ ነበር! ከአረካ ወዲያ ናቸው ሰዎቿ። በየገበያው የሚመጣው ወንድሟ ጦና ይባላል። ካለ አለ፤ ከሌለም ልጆች አይጠፉትም።»

«እማማ፣ ለምንድነው መምጣቱን የተወው?»

ወይዘሮ አገርነሽ ጎመናቸውን ከመሬት እየለቃቀሙ ቆዩ። «አክስትህ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይወስዱብኛል ብለው ይፈሩ ነበር። ሌሊት ተነሥተው መተኛትህን ሲያዩ ስንት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ሌላውን ጦናን ጠይቀው።»

ስም ከተገኘ በኋላ ነገሩ ቀለለ። የያሬድ የድሮ ተማሪ የሆነ አንድ የአረካ መምህር በሁለት ቀን ውስጥ ደወለ። አቶ ጦና አሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ብሏል እንጂ ደህና ናቸው። እንግዳ እንደሚመጣባቸው ተነግሯቸዋል። የማን ልጅ እንደሆነ ሲሰሙ ሸሚዛቸው እንዲታጠብ አዘዋል።

ከአረካ አንድ ሰዓት በባጃጅ ነው። መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰትና ቡና፣ በመሃል በመሃል ቆርቆሮ ቤት። ዓምደሚካኤል በሕይወቱ ስንት የማያውቀው አገር ገብቷል፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮሌታውን እየደጋገመ አላስተካከለም።

ከግቢው በር ላይ የተቀበለቻቸው ህብረት፣ የአቶ ጦና የመጨረሻ ልጅ ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነች፤ ቦርሳዋ ገና ትከሻዋ ላይ ነው። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» ብላ አቅፋ ሳመችው፤ ትናንት የተለየችው ዘመዷ ይመስል።

አቶ ጦና ከቤቱ ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዝ፣ ግራጫ ኮት፣ ጉልበታቸው መሃል ከዘራ። ዓምደሚካኤል ከሩቅ አየና ቆመ፤ ያ ቀጭን ወጣት ከዚህ ሽማግሌ ውስጥ የት እንደገባ ይፈልግ ነበር። ሽማግሌው ከዘራቸውን አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ።

«ሃ ያ» አሉት። ና ወደዚህ ማለት ነው። ይህችን ማንም ሳይነግረው ገባችው።

አጠገባቸው አስቀምጠው እጁን ያዙና መዳፉን ገለበጡ፤ የቁፋሮ ብረት ያጠነከረውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው አሹ። «እጅህ የገበሬ ነው» አሉ በገበያ በተማሩት፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው። «እኔ የጸሐፊ እጅ መስሎኝ ነበር።»

ቦይና የሚሉት የተቀቀለ ጎደሬ፣ ዳጣ ከሚሉት የቃሪያ ድልህ ጋር ቀረበ። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጎረቤቶች እየመጡ ሰላም አሉት። አቶ ጦና የማን ማን እንደሆኑ በወላይትኛ ይናገራሉ፤ ህብረት ትተረጉማለች። ስለ ስኳሩም ጠየቀ።

«አባታችን ሲሞት ቆዳና አጥንት ሆኖ ነበር» አሉ አቶ ጦና። «ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም። በሌሊት አሥር ጊዜ ይወጣል። ምን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ህብረት። «አባዬ፣ አንተም ነገ በባዶ ሆድህ ትለካለህ።»

ተሣቀ። ሣቁ ሲበርድ ዓምደሚካኤል ሊጠይቅ የመጣውን ጠየቀ። ለምን ቀሩ? ለምን አንድ ቀን መምጣት ተዉ? ድምፁ ካሰበው በላይ ጠንክሮ ወጣ፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የልጅ ቁጣ ነበረበት።

አቶ ጦና ለረዥም ጊዜ ተናገሩ። ህብረት ግን አልተረጎመችም። በወላይትኛ አንድ ነገር መለሰችላቸው፤ እምቢ ማለቷ ያስታውቃል። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱ።

«ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ። «'አንተ ነህ አትምጣ ያልከኝ' ይላሉ።»

«እኔ?»

«ዝናብ ነበር ይላሉ። እንደልማዳቸው መጥተው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። እርስዎ ከቤት ወጡ፤ አዲስ ጫማ አድርገው ነበር። እንደሌላው ቀን አልሮጡም። ፊታቸው መጥተው ቆሙና 'ዮፓ' አሏቸው። አትምጣ ማለት ነው። 'ከእንግዲህ ዮፓ።' ከዚያ ተመልሰው ገቡ።»

ዓምደሚካኤል ወደ ኋላ ተመልሶ በትዝታው ውስጥ ፈለገ። ድንጋዩን አገኘ፤ በሩን አገኘ፤ የኮባውን ቅጠል ሽታ አገኘ። ዝናቡን ግን አላገኘም፤ አዲሱን ጫማም አላገኘም፤ ቃሉንም አላገኘም። ሆኖም ውሸት ነው ለማለት አፉ አልታዘዘለትም።

«ልጅ ነበርክ» አሉ አቶ ጦና አሁን ራሳቸው በአማርኛ። «ሴትዮዋ ነው የላከው። በመስኮት ያይ ነበር፤ አይቼዋለሁ።» ከዚያ አማርኛው አልበቃቸው ሲል ወደ ህብረት ዞሩ።

«ያን ቀን እያዘኑ ነው የተመለሱት» አለች ህብረት። «ግን መንገድ ላይ ደስም ብሏቸው ነበር። እርስዎ በአማርኛ ሊሏቸው ይችሉ ነበር፤ በኛ ቋንቋ ነው ያሏቸው። ቃሉም ጥርት ያለ ነበር። 'የእህቴ አፍ አልጠፋም ብዬ ሄድኩ' ይላሉ።»

ዓምደሚካኤል ተነሣ። ከቤቱ ጓሮ ወዳለው የእንሰት ተክል ገባና ሰው በማያየው ቦታ ቆመ። ያሬድ ሊከተለው ብድግ ሲል አቶ ጦና በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተረሳው እሱ ነበር፤ ይህን አምኖ ኖሯል፤ ጥሩ ትራስ ነበር። አሁን ከሥሩ ወጣበት። እትዬ ፋናን ሊቆጣ ሞከረ፤ ያው እሱ የታመመ ለት እግሩን ታቅፈው ያደሩ ሴት ሆኑበት። ራሱን ሊቆጣ ሞከረ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነበት። ማንንም መቆጣት ሲያቅተው አለቀሰ።

ሲመለስ አጎቱ ቦይናውን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት።

«ከዚያ በኋላም አይቼህ አውቃለሁ» አሉት። «ገበያ ስመጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆም ነበር። ደብተር ይዘህ ከጓደኛህ ጋር ስትወጣ።» ያሬድን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ ቀጭን ነበር።»

ከመሄዱ በፊት ሽማግሌው በተራቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ የት ነው የቀበራችኋት?

«እህቴ ሞተ» አሉ። «ሦስት ቀን አለፈ፣ ከዚያ ሰው ነገረኝ። ሶዶ ሄድኩ፤ ተቀብሯል አሉ። እኛ እዚህ ሜዳ ላይ አለቀስን። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ።»

ዓምደሚካኤል ያውቅ ነበር። አባቱ በየሙት ዓመቷ እጁን ይዞ ይወስደው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከጽዱ ሥር፣ ከአጥሩ አሥር እርምጃ ያህል። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ የሚያውቀው፣ እነሱ የማያውቁት ነገር ተገኘ።

ቅዳሜ ዕለት አቶ ጦና ከህብረት ጋር ሶዶ መጡ። አቶ ጦና የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገብተው አያውቁም። በሩ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ያዙና ቆሙ፤ ይገባል አይገባም የሚያስቡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀድመው ገቡ።

ጽዱ የለም። መቃብሩም የለም። የድሮዎቹ መቃብሮች ከጊዜ ብዛት ከመሬት እኩል ሆነው ሣር በቅሎባቸዋል። ዓምደሚካኤል ከአጥሩ ተነሥቶ አሥር እርምጃ ቆጠረ፤ ልጅ ሆኖ የቆጠረው እርምጃ መሆኑን አስታውሶ ተመለሰና አሳጥሮ ቆጠረ።

«ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ነው» አለ፣ እፍረት በያዘው ድምፅ። «ከዚህ በላይ እርግጠኛ መሆን አልችልም።»

«ይበቃል» አሉ አቶ ጦና።

መንበርከክ ፈልገው ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። የግቢው ዘበኛ ከሩቅ ሲያዩ ቆይተው ወንበር ይዘው መጡ፤ አስቀምጠው ተመለሱ። አቶ ጦና ተቀምጠው በወላይትኛ ጸለዩ። ጸሎት ይሁን ወሬ አይለይም ነበር፤ ስም ይጠራሉ፣ ቆም ይላሉ፣ እንደገና ይጠራሉ። ህብረት እያለቀሰች በጆሮው ነገረችው፤ ከእሷ በኋላ የሞቱትን፣ የተወለዱትን፣ ያገቡትን አንድ በአንድ እየነገሯት ነው። ብዙ ስለሆነ ረዥም ጊዜ ወሰደ። የእሱ ስም መጨረሻ ላይ ተጠራ።

ከዚያ ያሬድ እንዲህ ሆነን መለያየት የለም ብሎ ሁሉንም ቁርጥ ቤት ወሰዳቸው። አቶ ጦና ጥርስ የላቸውም፤ ሥጋውን ደቃቅ አድርጎ እንዲከትፍላቸው ሻጩን ቆመው አዘዙት፤ በዳጣ እየነከሩም ከሁሉም በላይ በሉ። ሲጠግቡ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

ዓምደሚካኤል እናቱ ለሥራ ተቀጥራ ወደ አባቱ ቤት የገባች ይመስለው ነበር። በግልጽ የነገረው ባይኖርም እትዬ ፋና ሲያወሩ እንደዚያ ያስመስሉት ነበር። ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የኡፋይሴና የጦና አባት በመሬት ድንበር ተከስሰው ታመው ይተኛሉ። የደረሰ ወንድ ልጅ የለም፤ ጦና ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። ኡፋይሴ እኔ እሄዳለሁ ብላ ተነሣች። ወንድሟን አስከትላ በእግሯ ሶዶ ገባች። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጻፉልን ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። ዞራ ዞራ አንድ ወጣት ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ቆመች፤ ካልጻፍክልኝ አልንቀሳቀስም አለችው። ቆማ ዋለች። ጻፈላት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ በአራተኛው ጸሐፊው ራሱ ሽማግሌ ይዞ መጣ።

«አባታችን አልፈልግም አለ» አሉ አቶ ጦና እየሣቁ። «እሷ ነው የፈለገው።»

ከዚያ ወዲህ ዓምደሚካኤል በየሁለት ወሩ ከአዳማ ይመጣል። ሁለት ቀን ያሬድ ጋ፣ አንድ ሳምንት አጎቱ ጋ ይቀመጣል። ህብረት የሁለቱንም ስኳር በአንድ ደብተር ትመዘግባለች፤ የአቶ ጦናም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ወላይትኛው እንደ ሕፃን ነው፤ የግቢው ልጆች ይሥቁበታል፤ እሱም አይቆጣም። የዮፓን ቀን አሁንም አላስታወሰውም። አንዳንዴ በጋራ ሲቀመጡ ሊያነሣው ይፈልግና ይተወዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ አጎቱ የተቀየሙበት ነገር ሳይኖር አይቀርም ብሎ ፊታቸውን ሲያጠና ይውላል። በዚያ ነገር ላይ ልቡ ሙሉ በሙሉ አላረፈም፤ ማረፍ አለበት ብሎም አያምንም።

የፍርድ ቤቱን ታሪክ ግን በየጊዜው ያስነግራቸዋል። ታሪኩ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንዴ ክርክሩን ረትተው ይመለሳሉ፤ አንዴ ተረትተው። አንዴ ክሱ ስለ ድንበር ነው፤ አንዴ ስለ ጥጃ። ያሬድ፣ የታሪክ መምህር ነውና፣ ማስታወሻ ይዞ ትክክለኛውን ለመያዝ ይሟገታቸዋል፤ እሳቸውም «ያኔ አንተ የት ነበርክ?» ይሉታል።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ወይንሸት አብራው መጣች። አግዳሚው ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። በዚያ ቀን ረትተዋል። ከዚያ እስካሁን ማንም ያልጠየቃቸውን ጠየቀች።

«አባባ፣ ቆንጆ ነበረች?»

አቶ ጦና ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ወይንሸት ጥያቄው ያልተሰማቸው መስሏት ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ቆንጆ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አፍንጫው ትልቅ ነበር፤ እንደዚህ» ብለው ወደ ዓምደሚካኤል ጠቆሙ። «ግን ገበያ ሲገባ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ነበር።»

ወይንሸት ሣቀችና ባሏን አፍንጫው ላይ አየችው፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ ገበያ ስትሄድ ምን ትለብስ እንደነበር መጠየቅ ጀመረች።